ከሞምባሳ እስከ ላሙ፦ በባሕር ጠረፍ ጉዞ የማደሪያ ምርጫ

በጥንት ዘመን ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርድ የነበረው ሲራራ ነጋዴ የጉዞውን ርዝመት የሚቆጥረው በሰፈረባቸው ቦታዎች ነበር። መንገዱን ሲተርክም «ይህን ያህል ርቀት ሄድሁ» ከማለት ይልቅ «እዚህ አድሬ፣ እዚያ ሰፍሬ» ማለቱ ይቀናው ነበር። ዛሬ መኪና የሳምንቱን ጉዞ ወደ ግማሽ ቀን አሳጥሮታል፤ ነገር ግን «ማታ የት ይታደራል?» የሚለውን ጥያቄ አላስቀረውም። እንዲያውም የተቆጠረ ቀንና የተቆጠረ ገንዘብ ይዞ ለእረፍት የሚነሣ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛም ይሁን የሠራዊት አባል፣ ጉዞው የሚያምርለትም ሆነ የሚበላሽበት በአብዛኛው ለዚሁ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

ጉዳዩን በአንድ እውነተኛ መንገድ ላይ ተመርኩዞ ለመመልከት የጎረቤታችን የኬንያ ጠረፍ ተስማሚ ምሳሌ ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ በኪሊፊ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እስከ ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከማሊንዲ ደግሞ ከላሙ ደሴት ትይዩ እስካለው የሞኮዌ የጀልባ መሳፈሪያ ድረስ ሌላ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይገንዘብልን።

ስለዚህ መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። «የባሕር ጠረፍ መንገድ» ሲባል ብዙ ሰው በመኪናው መስኮት ጠዋትና ማታ ሰማያዊውን ውሃ እየተመለከተ የሚጓዝ ይመስለዋል። የሞምባሳና የማሊንዲ መንገድ ግን እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ክፍል ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብሎ በኮኮናት ዛፎች፣ በማንጎና በካሹ ተክሎች፣ ቪፒንጎ አጠገብም በተንጣለለው የቃጫ እርሻ መካከል የተዘረጋ ነው። ተጓዡ ውሃ የሚያየው ባሕሩ ወደ የብስ እጁን ዘርግቶ በገባባቸው ሸለቆዎች ላይ ከተሠሩት ድልድዮች ሲደርስ ነው። ከእነዚህም መካከል የምትዋፓው ድልድይና በ1991 የተከፈተው የኪሊፊ ድልድይ ይገኛሉ። እንግዲህ በዚህ ጉዞ ባሕሩን የሚያሳየው መንገዱ ሳይሆን ማደሪያው ነው ማለት ነው። የማደሪያ ምርጫ እንደ ትርፍ ጉዳይ ሳይሆን እንደ ጉዞው ዋና ክፍል መታየት ያለበትም ስለዚህ ነው።

የባሕሩን ጠባይ ስለ ማወቅ

ጦር የሚሰፍርበትን ቦታ የሚመርጥ አዛዥ መጀመሪያ ስለ ውሃ፣ ቀጥሎ ስለ ነፋስ፣ ከዚያም ስለ መውጫና መግቢያ ይጠይቃል። ለእረፍት የሄደ መንገደኛም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የምርጫ ሥርዓት አያገኝም።

ስለ ባሕሩ እንነሣ። ከጠረፉ ትይዩ በውሃው ውስጥ የተዘረጋ የኮራል ግድግዳ አለ። ይህ ግድግዳ የውቅያኖሱን ኃይለኛ ሞገድ ከሩቅ ስለሚሰብረው ከግድግዳው ወዲህ ያለው ውሃ ጸጥ ያለና ለዋና የሚመች ይሆናል። ይሁን እንጂ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በወጣችበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ሲያስገመግም ያዩት ባሕር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ርቆ ሄዶ፣ በስፍራው ድንጋይና አረንጓዴ የባሕር ሣር ብቻ ቀርቶ ይገኛል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ክፍል ከመያዙ በፊት «ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት እዚህ ፊት ለፊት መዋኘት ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አስተዋይነት ነው። ውሃው ሲጎድል ጥልቀት የሚቀርባቸው ዳርቻዎች አሉ፤ ከጉልበት በታች የሚሆንባቸውም አሉ። ሁለቱም በሥዕል ሲታዩ አንድ ዐይነት ናቸው።

ነፋሱ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቱን ያዞራል። በስዋሂሊ ቋንቋ «ካስካዚ» የሚባለው ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይነግሣል፤ ወቅቱም ደረቅና ሞቃት ነው። «ኩሲ» የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይቆያል፤ እርሱም ከባድ ነው፣ ባሕሩንም ያናውጠዋል። የመርከበኞች ንግድ ለብዙ መቶ ዓመታት የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ነፋሶች መፈራረቅ ላይ ነበር፤ በአንደኛው ከዐረብና ከሕንድ ይመጣሉ፣ በሌላኛው ይመለሳሉ። ለዛሬው መንገደኛም ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ መስኮት ያለው ክፍል ያለ ማቀዝቀዣ ያስተኛል፤ ጀርባውን የሰጠ ክፍል ግን ማራገቢያ ቢኖረውም እንደ ምድጃ ይግላል። ዋናው ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሲሆን የሚበረታውም በግንቦት ነው። በዚህ ወር በርከት ያሉ ሆቴሎች ለጥገና ይዘጋሉ፤ ክፍት የሆኑት ዋጋቸውን ይቀንሳሉ። በአንጻሩ በአውሮፓውያን ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን አልጋ ይወደዳል፣ ቀድሞ ያልያዘም ላያገኝ ይችላል።

በየጣቢያው ያለው ማደሪያ

ሞምባሳ ደሴት ነች። ወደብም ስለሆነች የመኪናው ብዛት፣ የጭነቱ ጫጫታና የሙቀቱ ክብደት ለረጅም እረፍት አይመችም። ሆኖም ሳያዩ ማለፍ አይገባም። በ1593 ፖርቱጋሎች መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ ከአሮጌው ከተማ ጫፍ ላይ ባሕሩን እየጠበቀ እስከ ዛሬ ቆሟል። የወታደርነት ዕውቀት ያለው ጎብኚ የግንቦቹን ማእዘን ሲያይ ተኩስ እንዴት እርስ በርሱ እንዲሻገር ተደርጎ እንደ ተሠራ ወዲያው ይገባዋል። ይኸው ምሽግ ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698 ድረስ በኦማን ዐረቦች ተከቦ በመጨረሻ ወድቋል። በእንግሊዞች ዘመን ወህኒ ቤት ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ቤተ መዘክርነት ተለውጧል፤ በ2011ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ያሉት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ለአንድ ሌሊት ይበቃሉ። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ግን መኪናውን የሚያቆምበት ጥበቃ ያለው ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ መንገዶቹ ለእግረኛና ለጋሪ የተሠሩ ናቸውና።

ከደሴቲቱ በኒያሊ ድልድይ ወደ ሰሜን ሲሻገሩ በኒያሊ፣ በባምቡሪና በሻንዙ ትላልቆቹ የባሕር ዳር ሆቴሎች ተደርድረው ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አልጋ የሚያከራዩት ከነምግቡ ነው። ለሕፃናት የሚመች፣ ሐሳብም የማያበዛ አኗኗር ነው። ነገር ግን የሦስቱንም ጊዜ ምግብ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ላለማባከን ሲል ለምሳ ወደ ግቢው መመለሱ አይቀርም፤ ስለዚህ አገሩን ሳያይ ይመለሳል። መዞር የሚፈልግ ሁሉ አልጋንና ቁርስን ብቻ የሚያስከፍል ቤት ቢመርጥ ይጠቀማል። ከዚሁ ከባምቡሪ አጠገብ፣ ለሲሚንቶ ተብሎ ተቆፍሮ ምድረ በዳ ሆኖ የነበረ የድንጋይ ካባ ከ1971 ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ሃለር ፓርክ የሚባል የዱር አራዊት መናፈሻ ሆኗል። የተጎዳ መሬት በጥረት እንደሚያገግም የሚያሳይ ስለሆነ ለልጆች ማሳየት የሚገባ ነው።

ኪሊፊ ከሞምባሳ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት መኪና በጀልባ ተጭኖ ይሻገር ነበር፤ ስለዚህ ተጓዡ ወደደም ጠላም እዚያ ቆም ማለት ነበረበት። ዛሬ ብዙው ሰው ሳይቆም ያልፋታል፤ በዚህም ምክንያት ከተማይቱ ጸጥታዋን አላጣችም። ከውሃው በስተ ደቡብ ከፍታ ላይ የምናራኒ ፍርስራሾች አሉ። የእንግዳ ግርግር የማይወድ፣ መጽሐፍ ይዞ ሁለት ቀን መቀመጥ የሚሻ ሰው ከኪሊፊ የተሻለ ቦታ በዚህ መንገድ ላይ አያገኝም። ለዋና ብሎ ለሚመጣ ግን ቀጣዩ ጣቢያ ይበልጣል።

ዋታሙ ከአውራ ጎዳናው በጌዴ መገንጠያ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚገባባት፣ ከማሊንዲ 20 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ በስተ ደቡብ የምትገኝ መንደር ነች። በፊቷ ያለው ባሕር በ1968 ከማሊንዲው ጋር የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። የውሃው ጥራት የሚመነጨው የሳባኪ ወንዝ ከሚፈስበት ራቅ ያለ በመሆኑ ነው። ኤሊዎች እንቁላላቸውን በአሸዋው ውስጥ ይጥላሉ። በስተ ጀርባዋ ሚዳ የተባለው በማንግሮቭ ደን የተከበበ የባሕር ሸለቆ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ደግሞ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአራቡኮ ሶኮኬ ደን ይገኛሉ። ይህም በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከተረፉት ደኖች ትልቁ ነው። አንድ ቦታ ላይ አልጋ ይዞ በየቀኑ በተለያየ አቅጣጫ ለመውጣት ከዋታሙ የሚሻል የለም።

ማሊንዲ የታሪክ ከተማ ነች። ቫስኮ ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 ሞምባሳ ሲደርስ ጠላትነት ገጠመው፤ የሞምባሳ ተቀናቃኝ የነበረው የማሊንዲ ገዥ ግን በክብር ተቀበለው፤ መርከብ መሪም ሰጠው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሕንድ አገር ደረሰ። ስሙን የተሸከመው ባለ መስቀል ዐምድ ዛሬም በባሕሩ አፋፍ ላይ ይታያል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ዐምድ ባዕድ አይደለም፤ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው የወጣውና በ1542 ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የዚሁ መርከበኛ ልጅ ነበርና። በማሊንዲ አካባቢ ጣልያኖች በብዛት ይኖራሉ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከከተማዋ በስተ ሰሜን በንጎሜኒ ባሕር ላይ ከተተከለው የሳተላይት ማምጠቂያ መድረክ ጋር የመጡ አሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ጎብኚዎችና ነጋዴዎች ተከተሉ። ስለዚህ በከተማዋ ፓስታና ማኪያቶ የሚፈልግ አይቸገርም፤ በሱቆችም ጣልያንኛ ይሰማል። የማደሪያ ዐይነት በዋጋም በደረጃም የሚበዛው በዚህ ነው። ጉድለቷ በዝናብ ወራት የሳባኪ ወንዝ ቀይ አፈር ጠርጎ ስለሚያመጣ ባሕሯ መደፍረሱ ነው። ማሊንዲ በደረቁ ወራት ትመረጥ፤ በዝናብ ወራት ግን ለገበያና ለታሪክ እንጂ ለዋና አትመረጥ።

ስለ ውሃ ከጌዴ የሚገኝ ትምህርት

ከዋታሙ መገንጠያ አጠገብ በደን የተዋጠችው ጥንታዊት ከተማ ጌዴ ትገኛለች። ስሟ ከኦሮምኛ የመጣ ነው ተብሎ ይነገራል። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ቤተ መንግሥት፣ መስጊዶችና የውሃ ጉድጓዶች ነበሯት፤ ከቻይና የመጡ የሸክላ ዕቃዎችም በቁፋሮ ተገኝተውባታል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ። ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች ጦርነትና የፖርቱጋሎች ተጽዕኖ ይገኙበታል። ከእነዚህ ጋር የጉድጓዶቿ ውሃ እየራቀ መሄዱ ይጠቀሳል፤ ውሃው ስለ ሸሸ እንደገና ተቆፍሮ የጠለቀ ጉድጓድ ለዚህ እንደ ማስረጃ ይታያል። ከተማይቱ በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

የዚህችን ከተማ ዕጣ እዚህ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የጠረፉ አገር ከፊቱ ማለቂያ የሌለው ውሃ ተዘርግቶ ሳለ የሚጠጣ ውሃ የሚቸግረው አገር ነው። በባሕር አጠገብ የሚቆፈር ጉድጓድ ጨው ይቀላቅላል። የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ ውሃ በቦቴና በጄሪካን ይሸጣል። ስለዚህ አልጋ የሚይዝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ባሕሩ ይታያል ወይ?» ሳይሆን «ውሃችሁ ከየት ነው? ማጠራቀሚያ በርሜል አላችሁ ወይ?» የሚል ይሁን። በቧንቧው ውሃ ፊቱን ታጥቦ ከንፈሩን በምላሱ ቢቀምስ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

ከውሃ ቀጥሎ የሚፈተሸው አጎበር ነው። ጠረፉ የወባ አገር ስለሆነ ከደጋ የሚሄድ ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ይገባዋል። በክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው አጎበር ቀዳዳ እንደሌለው በብርሃን ዘርግቶ ማየትም አይታክተው። ሦስተኛው የበሩ ቁልፍና የግቢው ጥበቃ ነው። አራተኛው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖር አለመኖሩ ነው፤ ጄኔሬተሩ ካለም ከመኝታው መስኮት ምን ያህል እንደሚርቅ ይታይ። በመጨረሻም ክፍሉን በዐይን ሳያዩ ሙሉ ክፍያ መክፈል አይገባም። ቀብድ ቢጠየቅ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ብቻ ሰጥቶ ደረሰኝ መቀበል ነው። ከሥዕል ላይ ክፍል የመረጠ ሰው ሲደርስ ሌላ ክፍል ሊሰጡት እንደሚችሉ ያስብ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና።

በመንገዱ አጠገብና በባሕሩ ዳርቻ የሚያጋጥሙ ደላሎችም አሉ። «የያዝከው ሆቴል ተዘግቷል፣ የተሻለ ላሳይህ» ቢሉ፣ ቃላቸውን ከመቀበል በፊት ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ወይም ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው። ደላላ ያመጣው እንግዳ የደላላውን ድርሻ በአልጋው ዋጋ ላይ እንደሚከፍል የታወቀ ነው። ቢሆንም ሰዎቹ ኑሯቸውን ለማሸነፍ የሚደክሙ ስለሆኑ በጨዋ ቃል «አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ስለ ዳርቻው ባለቤትነትም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መሥመር እስከሚጎድልበት መሥመር ያለውን መሬት የሕዝብ አድርጎታል። ስለዚህ በውሃው ዳር ለመመላለስ የባለ ሀብት ሆቴል እንግዳ መሆን አያስፈልግም። ችግሩ ወደ ዳርቻው የሚያስገባው መንገድ በብዙ ቦታ በግል ግቢዎች መዘጋቱ ነው። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ መንገደኛ ከዳርቻው ሦስትና አራት መቶ ሜትር ገባ ያለ ርካሽ ማረፊያ ቢይዝ ያው ባሕር አይቀርበትም፤ ነገር ግን የሕዝብ መተላለፊያው የት እንደሆነ ጠይቆ፣ በእግሩ ሄዶ አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ይዋዋል።

ስለ ሹፍርናና ስለ ሰዓት

በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ባሕሩ፣ ሆቴሎቹም እንዲሁ በስተ ቀኙ ይሆናሉ። ስለዚህ ወደ ማደሪያው ለመግባት ከፊት ለፊት የሚመጣውን የመኪና መሥመር አቋርጦ መታጠፍ አለበት። በቀኝ መንዳት የለመደ ሹፌር ደክሞት፣ ፀሐይ ጠልቃ፣ የማያውቀውን መገንጠያ እየፈለገ ይህን ማድረጉ አደገኛ ነው። አገሩ ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ምሽቱ ፈጥኖ ይጨልማል። ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ማደሪያ መድረስ ለሹፌር ሕግ ሊሆን ይገባል።

ሰዓት ካልን ዘንድ የእኛ አገር ሰው በዚያ ጠረፍ የሚደሰትበት ነገር አለ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ጀልባው «ሳ ምቢሊ» ይነሣል ቢሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ነገር ግን ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይናገራል። ስለዚህ የጀልባና የአውቶቡስ ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነገረ ማስተዋል፣ ካጠራጠረም «ፀሐይ ስትወጣ ነው ወይስ እኩለ ቀን ገደማ?» ብሎ መጠየቅ የስድስት ሰዓት ስሕተት ያድናል።

ስለ ላሙ መንገድ

ላሙ የጉዞው ጫፍና ጌጥ ናት። ከኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት የተሠራው አሮጌ ከተማዋ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንገዶቿ ለመኪና የማይሆኑ ስለሆኑ ጭነት የሚጓጓዘው በአህያ ነው። በከተማው ውስጥ የሚያድር ሰው በግቢ የተከበበ የጥንት ቤት፣ ነፋስ የሚገባው ሰገነትና የከተማውን ሕይወት ያገኛል፤ የመዋኛ ዳርቻ ግን አያገኝም። ዳርቻ የሚፈልግ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሼላ መንደር ያድራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። በመውሊድ በዓል ሰሞን ከየአገሩ ምእመናን ስለሚሰበሰቡ አልጋ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ሃይማኖቱን አጥባቂ ስለሆነ የዋና ልብስ በዳርቻው እንጂ በከተማው ውስጥ አይለበስም፤ በረመዳንም ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት ያስነውራል። አዲሱ የላሙ ወደብ የመጀመሪያው መቆሚያው በግንቦት 2021 ተመርቋል፤ ዕቅዱ በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ከኢትዮጵያ ጋር እንዲያገናኝ ታስቦ የተነደፈ በመሆኑ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ወደ ላሙ የሚወስደው የየብስ መንገድ እንደ ሌላው መንገድ የሚታይ አይደለም። በሰኔ 2014 በምፔኬቶኒ ከተማና በአካባቢዋ በተፈጸመው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ አል ሸባብም ኃላፊነቱን ወስዷል። ከዚያ ወዲህም በዚሁ ቀጣና በመንገደኞች ላይ ጥቃት የደረሰበት ጊዜ አለ፤ አውቶቡሶችም በፖሊስ እየታጀቡ የተጓዙበት ወቅት ነበር። ስለዚህ መንገደኛው ከማሊንዲ ከመነሣቱ በፊት የዚያን ቀን ሁኔታ ከፖሊስና ከአውቶቡስ ድርጅቶች መጠየቅ፣ በሌሊት ፈጽሞ አለመጓዝ፣ ጥርጣሬ ካለም ላሙን በአውሮፕላን መጎብኘት ወይም ለሌላ ዓመት መተው ይገባዋል። በውትድርና ያለፈ አንባቢ ያልተጣራ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቤተሰብ ይዞ ለእረፍት የወጣ ሰው ድፍረቱን የሚያሳይበት ቦታ ይህ አይደለም።

ስንት አልጋ? ስንት ሌሊት?

በመጨረሻ ለብዙዎች ግር የሚለው ጥያቄ በየሌሊቱ ማደሪያ መለወጥ ይሻላል ወይስ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚለው ነው። ማደሪያ በተለወጠ ቁጥር ዕቃ ለማሰር፣ ሒሳብ ለመዝጋት፣ ለመጓዝና አዲስ ክፍል ለመጠበቅ ግማሽ ቀን እንደሚጠፋ መታሰብ አለበት። ሰባት ሌሊት ያለው ሰው አራት ጊዜ ቢለዋወጥ ሁለት ሙሉ ቀን በሻንጣ ላይ አሳለፈ ማለት ነው። ልጆች ካሉበት ደግሞ ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

በእኛ አስተያየት ሰባት ሌሊት ላለው ቤተሰብ የሚስማማው ክፍፍል እንደሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ምሽጉንና አሮጌውን ከተማ ለማየት በሞምባሳ ይሁን። በማግሥቱ ጠዋት ተነሥቶ ኪሊፊ ላይ ምሳ በልቶ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት ዋታሙ ይገባል። በዚያ አምስት ሌሊት ይቆያል፤ ጌዴን በአንድ ቀን፣ ደኑንና ሚዳን በሌላ ቀን፣ ማሊንዲን ደግሞ ደርሶ መልስ ይጎበኛል፤ የቀሩትን ቀናት ለባሕሩ ይተዋል። የመጨረሻውን ሌሊት ለመመለሻው እንዲመች እንደገና ሞምባሳ ወይም ኒያሊ ያሳልፋል። ባለ ትዳር ያልሆነ፣ ዕቃው አንድ ሻንጣ ብቻ የሆነ ወጣት ግን ከዋታሙ ሁለት ሌሊት ቀንሶ ለማሊንዲ ቢሰጥ አይጎዳም፤ ከዚያ ተነሥቶ ማራፋ የሚባለውን በዝናብ የተቦረቦረ ባለ ብዙ ቀለም ገደል ያያል። ገደሉ እጅግ የሚያምረው በፀሐይ መጥለቂያ ስለሆነ ከዚያ የሚመለሰው ሰው በጨለማ ይነዳል። መንገዱን የሚያውቅ የአገር ሹፌር መያዙ ለዚህ ነው።

ከባሕር ዳርቻው ዛጎልና የኮራል ስባሪ ለመታሰቢያ ይዞ መመለስ በባሕር ፓርኮቹ የተከለከለ ነው። ከዚህ ይልቅ ከመንደሩ ሴቶች ኮኮናት መግዛት፣ በአገሩ ተወላጅ ጀልባ መሳፈርና በአነስተኛ ምግብ ቤት ዓሣ መብላት ገንዘቡ በአገሩ እጅ እንዲቀር ያደርጋል። ማደሪያ ስንመርጥ የምንመርጠው የራሳችንን ምቾት ብቻ ሳይሆን የጉዟችን ገንዘብ በማን እጅ እንደሚገባም ጭምር ነው።

እንግዲህ ለጠረፍ ጉዞ የሚዘጋጅ ሁሉ ካርታውን ዘርግቶ መንገዱን ከማስመር አስቀድሞ ሌሊቶቹን ይቁጠር። የውሃውን ምንጭ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የባሕሩን ሰዓትና የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። እነዚህን አራቱን ያረጋገጠ መንገደኛ አልጋው ርካሽ ቢሆንም እረፍቱ አይጎድልበትም።